ዕጣ ያገናኛቸው ጎረቤቶች እንዴት ይመካከራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሠፈሮች በብሎክ ኮሚቴ፣ በእድር ወይም በቁጠባ ማኅበር የሚሳተፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡአቸው ናቸው። መልሱን የምጽፈው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሳይት ለዓመታት የብሎክ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልኩና፣ በስብሰባ ያየሁትን ለመረዳት ስል ስለ ቡድን ጠባይ የተጻፈውን እየፈለግሁ ስለማነብ ነው።

ትንሽ ቡድን የሚባለው ስንት ሰው ሲሆን ነው?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። አባላቱ ሁሉ በስም የሚተዋወቁበት፣ አንዱ ሲቀር ሌሎቹ መቅረቱን ልብ የሚሉበት ስብስብ ትንሽ ቡድን ነው ብንል ለእኛ ጉዳይ ይበቃል። ቁጥር ሲጨምር የሚመጣውን ለውጥ ግን አስልቶ ማየት ይቻላል። 5 አባላት ባሉት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ሁለት ሰው የሚያገናኘው መስመር 10 ብቻ ነው፤ አባላቱ 10 ሲሆኑ መስመሩ 45 ይሆናል፤ 30 አባወራ በሚኖርበት ብሎክ ደግሞ 435 ይደርሳል። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚቆም ስብሰባ ይህን ሁሉ መስመር ሊያዳርስ አይችልም። በመሆኑም 5 ወይም 7 ሰው ጉዳዩን አስቀድሞ አብላልቶ አማራጮቹን ከነዋጋቸው ቢያዘጋጅና ውሳኔውን ለጠቅላላ ጉባኤው ቢተው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ይህ ግን ኮሚቴው አንድ አማራጭ ብቻ ይዞ መጥቶ እንዲጸድቅለት ከሚጠይቅበት አሠራር ጋር መምታታት የለበትም፤ አንድ አማራጭ ብቻ የቀረበለት ጉባኤ ለመስማማት ካልሆነ በቀር ለመምከር ዕድል አያገኝም።

ዕጣ ብቻ ያገናኘን ሰዎች እንዴት አንድ ልንሆን እንችላለን?

በቀድሞው ሠፈር ጎረቤት የሚባለው እናት አባትን የሚያውቅ፣ ልጆችን ያሳደገ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ ስሙ ከአያት ጀምሮ የሰፈረ ሰው ነበር። በኮንዶሚኒየም ግን ከጎናችን ማን እንደሚኖር የወሰነው ዕጣ ነው። ከአራት ኪሎ የመጣው፣ ከመርካቶ የተነሣው፣ ከባለ ዕጣው የገዛው፣ በዓመት ውል የተከራየው፣ ቤቱን ለወኪል ሰጥቶ ውጭ አገር የሚኖረው፣ ሁሉም በአንድ ደረጃ ወጥተው በአንድ ቱቦ ውሃ ይጠጣሉ። ይህ አሳሳቢ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው፤ ጥናቱ የሚያሳየው ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለባለትዳር ተማሪዎች በተሠሩ ቤቶች ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተሙ። እነዚያም ነዋሪዎች ጎረቤታቸውን አልመረጡም ነበር። ሆኖም በር ለበር ከተጎራበቱት ውስጥ 41 በመቶው የቅርብ ወዳጅ ሆነው ሲገኙ፣ በዚያው ፎቅ ጫፍና ጫፍ ከሚኖሩት መካከል ግን ወዳጅ የሆኑት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከደረጃው ሥር የሚኖሩት ደግሞ ከሌሎቹ የምድር ቤት ነዋሪዎች ይልቅ ከላይኛው ፎቅ ብዙ ወዳጅ አፍርተው ተገኙ። ወዳጅነቱን ያመጣው የጠባይ መመሳሰል ሳይሆን፣ ሰዎቹ ሳያስቡት በየቀኑ መተላለፋቸው ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የብሎካችንን ደረጃ በሌላ ዓይን አየሁት። ምድር ቤቱና አራቱ ፎቆች የሚገናኙት በእርሱ ብቻ ነው፤ ጀሪካን ይዞ የሚወጣውና ቆሻሻ ይዞ የሚወርደው እዚያ ላይ ይተላለፋል። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከአጥሩ በር አንሥተን ወደ ደረጃው ሥር አዛወርነው፤ ከጎኑም አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥን። ሌላው መገናኛችን በብዙ ሰው ዘንድ «ኮሚናል» የሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት ነው። በግ በአንድነት የሚታረድበት፣ ለለቅሶ ወጥ የሚሠራበት፣ በርበሬ የሚዘጋጅበት ይህ ቤት ተቆልፎ ወይም ለመጋዘን ተከራይቶ በቆየባቸው ብሎኮች ሰው ለሰው ባዳ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። ሽንኩርት አብረው የላጡ ሴቶች በስብሰባ ላይ ሲከራከሩ እንኳ የንግግራቸው ለዛ ይለያል። ቡናውም እንዲሁ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነገረው ነገር ለስብሰባ አጀንዳ ተብሎ ቢጠየቅ አይወጣም።

በዚያው ጥናት የተገኘ ሌላ ነገርም አለ፤ ይህኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡት ነዋሪዎች ስለ ተከራዮች ማኅበራቸው የነበራቸው አቋም ወደ አንድ የተጠጋ ሲሆን፣ የተለየ አቋም የነበረው ሰው በአብዛኛው ከወዳጅነቱም ዳር የቀረ ሆኖ ተገኝቷል። መቀራረብ ሰውን ያስማማል፤ ያው መቀራረብ የተለየ ነገር የሚያውቀውን ሰው አፉን ሊያስይዘው ይችላል።

ሁሉም ሰው «እንደተባለው ይሁን» ካለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩን በደረሰብን ነገር ላስረዳ። ውሃ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ አልወጣ ሲል ኮሚቴያችን ጉልበት ያለው ዲናሞ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። ነዋሪው በሁለቱ ብሎኮች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሐሳቡን ሰማ፤ አንድ አዛውንት «ልጆቹ ደክመውበታል፤ እንደተባለው ይሁን» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው ቢኖር ይህንኑ የደገመ ነበር። እኔም «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ። መዋጮው ተሰበሰበ፣ ዲናሞው ተገዛ፣ ተገጠመ፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ፣ በምድር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እናት ሂሳብ ልከፍላቸው በራቸው ላይ ቆሜ ሳለ «ልጄ፣ ሌሊት ውሃ በመጣ ቁጥር ከደረጃው ሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለኮ» አሉኝ። ምጣዳቸውን የሚያሰሙት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሁላችንም ተኝተን ሳለን እርሳቸው ያንን ድምፅ ለወራት ሰምተውታል። ሲቆፈር ከቆጣሪው ወደ ሮቶው የሚሄደው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ቱቦው ከተጠገነ በኋላ ነባሩ ዲናሞ በቂ ነበር። በስብሰባው ዕለት ከኋላ ቆመው እንደነበር አውቃለሁና ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። «ተከራይ ምን አገባው እንዳልባል ብዬ ነው፤ ደግሞም ሁላችሁም ተስማምታችሁ ነበር» አሉኝ።

እኚህ እናት ያደረጉት በሰው ልጅ ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ ለተሳታፊዎች መስመሮችን አሳይቶ የትኞቹ እኩል እንደሆኑ ጠየቃቸው። መልሱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች አስቀድመው ተመካክረው በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከተሳታፊዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሌሎቹ ጋር ተስማሙ። ልብ ሊባል የሚገባው ቀጣዩ ውጤት ነው፤ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ አብሯቸው ሲቀመጥ ስሕተቱ ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። ያን ዕለት አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ «ቱቦው ታይቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እኚያ እናት ይናገሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በውይይት ላይ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ሁሉም የሚያውቁትን ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ሳይነሣ ይቀራል፣ ቢነሣም ብዙ ትኩረት አያገኝም። ስለዚህ ሠላሳ ሰው ለሁለት ሰዓት ተወያይቶ ከመጀመሪያው ያውቀው በነበረው ነገር ላይ አንድም ሳይጨምር ሊለያይ ይችላል።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በተራ ሰው ስብሰባ ብቻ አይደለም። ኢርቪንግ ጃኒስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናቱ የመረመረው በ1961 የኩባን መንግሥት ለመጣል ወደ አሳማዎቹ ባሕረ ሰላጤ የተላከውን ጦር ጉዳይ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አማካሪዎች የተማሩና የሚከባበሩ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ዕቅዱን የተጠራጠሩ ቢኖሩም በስብሰባው ላይ አጥብቀው አልተቃወሙም፤ ዘመቻው በጥቂት ቀናት ከሸፈ። በቀጣዩ ዓመት የሚሳኤሉ ቀውስ ሲመጣ ኬኔዲ አሠራሩን ለወጠ፤ አማካሪዎቹን በትናንሽ ቡድን ከፋፈለ፣ እርሱ መኖሩ ሐሳባቸውን እንዳያጥፈውም ከአንዳንድ ስብሰባዎች ራሱ ቀረ።

ታዲያ ዝም ያለውን ሰው እንዴት እናናግረው?

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ልብ ነው። በአንድ በኩል «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ በሌላ በኩል «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሰው በስብሰባ ላይ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ተናግሮ የሚከፍለው ዋጋ ወዲያው የሚታይ ሲሆን፣ ዝም ብሎ የሚከፍለው ግን ቆይቶ በሁሉም ላይ የሚመጣ ነው። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር በሰላም አኑሮታል። ነገር ግን ስብሰባ የሚመራ ሰው ይሉኝታ ያለበትን ሰው ደፍሮ እንዲናገር ከመምከር ይልቅ፣ ድፍረት ሳያስፈልገው የሚናገርበትን ሥርዓት ማበጀት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ሥርዓት የመናገር ተራ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርን ሲጎበኝ ስለ ቤተ መንግሥቱ ምክር ሲጽፍ፣ ሐሳብ መስጠት የሚጀመረው ከታናሹ ሹም እንደሆነና ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ የንጉሡ ቃል በመጨረሻ እንደሚሰማ መዝግቧል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ንጉሡ ከተናገረ በኋላ ታናሹ ሹም ምን ሊል ይችላል? እኛ ግን በሠፈር ስብሰባ ላይ አክብሮት መስሎን ይህን ገልብጠን፣ መጀመሪያ ታላላቆቹን እናናግርና ከዚያ ወጣቱ ሐሳብ የለውም እንላለን። ለታላላቆቻችን ነገሩን በአክብሮት አስረድተን «አባባ፣ እርስዎ ይቋጩልን» ብንላቸው የሚቀየም የለም፤ በእኛ ብሎክ የመጨረሻውን ቃል መያዝ እንደ ክብር ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ጉዳዩ ከተነገረ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ የሚያውቀውንና የሚያሠጋውን ይጽፋል፤ ጸሐፊው ስም ሳይጠራ ሁሉንም ያነባል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይጀመራል። መጻፍ የማይሆንለት ሰው ካለ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም የሚሻለው ይኸው ነው። «ሐሳብ ያለው?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ መልስ አያመጣም። «እርስዎ ሌሊት ነቅተው ይሠራሉ፤ ስለ ውሃው ምን ያዩት ነገር አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን የሚናገረው ያየውን ስለሆነ ከማንም ጋር የተጣላ አይመስለውም።

ቋንቋም መታሰብ አለበት። የከተማዋ ዳርቻ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን በመሆኑ በብዙ ሳይቶች አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ፣ በአማርኛ የሚገበያዩ ነገር ግን በስብሰባ ለመከራከር የማይመቻቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ሠፈሩ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ይገኙበታል። የዝናብ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ቦታ ክረምት ላይ እንደሚረግብ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሰብሳቢው በስብሰባው መጀመሪያ «በሚቀላችሁ ቋንቋ ተናገሩ፤ የሚያስተረጉም አለ» ቢል የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው።

በድምፅ ብልጫ እንወስን ወይስ እስክንስማማ እንነጋገር?

አስቀድማችሁ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሕግ የሚታወቅ አካል ነው፤ ምልአተ ጉባኤውና የሚፈለገው የድምፅ መጠን በደንቡ ተጽፎ ሳለ በዕለቱ ስሜት መወሰን በኋላ ክስ ያስከትላል። ደንቡ በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ግን እኔ የምለየው ነገሩ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ በሚል ነው። የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋ የሚለው ጉዳይ ካልተመቸ በወሩ ይለወጣልና በእጅ ማውጣት ይለቅ። ብዙ መዋጮ የሚጠይቅ ወይም ግድግዳ የሚያፈርስ ነገር ከሆነ ግን «ማን ይደግፋል?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ይህን ሊሸከም የማይችል ማን አለ? ለምንስ?» የሚለው ይቅደም። ጡረተኛዋ የሚከብዳቸው ሐሳቡ ሳይሆን በአንድ ጊዜ መክፈሉ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከታወቀ በሦስት ወር ከፍሎ ማስከፈል ነው።

የድምፅ ብልጫ የራሱ ወጥመድም አለው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። ለደኅንነት ሲባል ጥበቃ ይቀጠር፣ የብረት በር ይሠራ ወይስ መብራት ይተከል የሚል ጉዳይ ቀረበ እንበል። አንደኛው ወገን ጥበቃን፣ ቀጥሎ በርን፣ ቀጥሎ መብራትን ይመርጣል፤ ሁለተኛው በርን፣ ቀጥሎ መብራትን፣ ቀጥሎ ጥበቃን፤ ሦስተኛው መብራትን፣ ቀጥሎ ጥበቃን፣ ቀጥሎ በርን። ሦስቱም ወገኖች እኩል ከሆኑ ጥበቃ በርን ያሸንፋል፣ በር መብራትን ያሸንፋል፣ መብራት ደግሞ ተመልሶ ጥበቃን ያሸንፋል። ሁለት ሁለቱን እያወዳደረ ድምፅ የሚያሰጥ ሰብሳቢ የትኛውን መጨረሻ እንደሚያቀርብ በመምረጥ ብቻ የፈለገውን ማስወሰን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አማራጭ ከሁለት በላይ ሲሆን ቅደም ተከተሉን ራሱን ጉባኤው ይወስን፤ አለዚያም እያንዳንዱ የሚቀበላቸውን አማራጮች ሁሉ ምልክት ያድርግና ብዙ ሰው የተቀበለው ይያዝ።

በቴሌግራም ግሩፕ መወሰን ይቻላል?

ለማሳወቅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለመወሰን ግን አልመክረውም። የእድር ጡሩንባ ነፊ በየመንገዱ እየዞረ ለቅሶ ያሳውቅ ነበር እንጂ በጡሩንባው ላይ ክርክር አይደረግም ነበር። በግሩፑ ላይ የስብሰባውን ቀን፣ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ የደረሰኙን ፎቶግራፍ መላክ ሐሜትን ያስቀራል። ውሳኔ ሲሆን ግን ፈጥኖ የሚጽፈው ሰው አሳብ ሰፊው አሳብ ይመስላል፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው ይቀራሉ፤ ፊት ለፊት ቢነገር ፈገግ የሚያሰኝ ቃል በጽሑፍ ሲነበብ ያስቀይማል።

ሃሮልድ ሊቪት እ.ኤ.አ. በ1951 አምስት አምስት ሰዎችን በተለያየ የግንኙነት መስመር አደራጅቶ አንድ ዓይነት ሥራ አሠርቷቸው ነበር። ሁሉም መልእክት በአንድ ሰው በኩል ሲያልፍ ሥራው ቀልጠፍ አለ፤ በክብ ተያይዘው የሠሩት ግን ቢዘገዩም በሥራው ይበልጥ ተደሰቱ። ጸሐፊው ለሁሉም እየደወለ የሚያስፈጽመው ጉዳይና ሁሉም ሰው ክብ ሠርቶ ሊነጋገርበት የሚገባው ጉዳይ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እረዳለሁ።

ስብሰባ ላይ እሺ ብለው የወጡ ሰዎች ለምን አይፈጽሙም?

ብዙ ጊዜ እሺ ያሉት ለንግግሩ እንጂ ለሥራው ስላልሆነ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ኩርት ሌዊን የአሜሪካ የቤት እመቤቶች ልብ፣ ኩላሊትና የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲያበስሉ ለማግባባት ሁለት መንገድ ሞከረ፤ ለእኛ ዱለት የተከበረ ምግብ ቢሆንም በእነርሱ ዘንድ የሚናቅ ነበር። ከፊሎቹ ጥሩ ገለጻ ተደረገላቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተነጋግረው በመጨረሻ ለመሞከር የፈቀዱት እጃቸውን አወጡ። በኋላ ሲጠየቁ ከገለጻው ሰሚዎች 3 በመቶው፣ ከተነጋገሩት 32 በመቶው አብስለው ተገኙ። የደረጃ ጽዳት ተራን በተመለከተ ሰብሳቢው ለግማሽ ሰዓት ከሚመክር ይልቅ፣ የየፎቁ ሰዎች ለብቻቸው አሥር ደቂቃ ተነጋግረው የራሳቸውን ቀን ይዘው ቢመጡ ተራው ይጠበቃል።

ሁልጊዜ የሚደክሙት ሦስት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ምን ይደረግ?

ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲስቡ ጉልበታቸውን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል። ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ሲስቡ እያንዳንዱ ያዋጣው ለብቻው ሲስብ ከነበረው ጉልበት ግማሹን ያህል ነበር። ከፊሉ አለመቀናጀት ነው፤ ከፊሉ ግን በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት የአንዱ ድርሻ ከሌላው ተለይቶ ባለመታየቱ የሚመጣ ነው፤ የየሰው ድርሻ ሲለይ መለገሙ ይቀራል። ስለዚህ «ግቢውን እናጽዳ» ከሚል ጥሪ ይልቅ የምሥራቁ ቦይ የማን እንደሆነ ስም ይጻፍበት። የማይመጣውን በቅጣት ብቻ ማሳደድ ግን አይበጅም፤ መገናኛ ደርሶ ለመመለስ ከንጋት እስከ ምሽት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚውል ሰው ጉልበት እንጂ ፈቃድ አላጣም ይሆናል፤ የሌሊት ወይም የስልክ ሥራ ይሰጠው።

ኮሚቴው በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ መጨቃጨቅ ጀመረ፤ ፈርሷል ማለት ነው?

አይደለም። ብሩስ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቡድኖች የተጻፉ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ቡድን ከተመሠረተ በኋላ ግጭት የሚበዛበት ወቅት እንደሚከተል፣ ከዚያም የጋራ ልማድ አበጅቶ ወደ ሥራ እንደሚገባ ጽፏል። ሁሉም ቡድን በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል ባልልም፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚነሣ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ «ማን ይወስናል?» የሚል ያልተነገረ ጥያቄ ያለበት መሆኑን አይቻለሁ። ጠቡ ስለ ገንዘብ ከሆነ መዝገብ ይከፈት፤ የተቀያየሙ ሰዎች ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ወደ ጉባኤ ሳይቀርብ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ይያዙት። በሠላሳ ሰው ፊት የተሸነፈ ሰው ለመታረቅ ይቸገራል።

አንድ ሰብሳቢ ለስንት ጊዜ ያገልግል?

ጎበዝ ሰብሳቢ ሲገኝ አለመልቀቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በጎረቤቶቻችን በኦሮሞዎች የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ተረካቢውም አስቀድሞ በየደረጃው እየተማረ ያድጋል። ለአንድ ብሎክ ሁለት ዓመት ይበቃል። ምክትሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የባንክ ደብተሩን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክና የቁልፎቹን ቦታ ይወቅ።

ቃለ ጉባኤ እንዴት ይጻፍ?

አብዛኛው ቃለ ጉባኤ የተገኙትን ስም፣ አጀንዳውንና ውሳኔውን ይዞ በፊርማ ይዘጋል። ከዲናሞው ጉዳይ በኋላ እኔ በመዝገቡ ላይ ሦስት ነገር ጨምሬያለሁ። አንደኛው ውሳኔው በምን ግምት ላይ እንደቆመ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቱቦው ደኅና ነው በሚል ግምት» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቱቦውን ያየ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያው ይነሣ ነበር። ሁለተኛው ያልተስማሙ ሰዎች ሐሳብ በራሳቸው ቃል የሚሰፍርበት ቦታ ነው፤ ማንም ካልተቃወመም ቦታው ባዶ መሆኑ በጉባኤው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሦስተኛው ውሳኔው ተመልሶ የሚታይበት ቀን ነው።

ባለፈው መስከረም ስለ ሮቶ እጥበት ስንነጋገር ያልተስማሙ ሰዎች ቦታ ባዶ መሆኑን አንብቤ ትንሽ ጠበቅሁ። ከኋላ በኩል እኚያው እንጀራ የሚጋግሩ እናት እጃቸውን አወጡና «እሑድ ይታጠብ አትበሉ፤ ውሃው የሚመጣው ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ የሞላውን ልትደፉት ነው» አሉ። ዕለቱ ወደ ዓርብ ተዛወረ፤ ስማቸውም ከነሐሳባቸው በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል።